አሚ ሳሲ ከአስጎብኚው ኋላ

ፈረንሳዊቷ ሴትዮ ደክሟታል። ወይራ ለወይራ የሚያልፈው አሸዋማ መንገድ እግር ይይዛል፤ እሷ ግን ሰው ላለማስቆም ብላ ከንፈሯን ነክሳ ትራመዳለች። ከእኔ ፊት ይሄዱ የነበሩ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩአት። ወዲያው ጉልበታቸውን ያዙና «ወይ እግሬን!» ብለው ከአንድ የድንጋይ ካብ ላይ ዘፍ አሉ። አስጎብኚው ቆመ፤ ሁላችንም ቆምን። ሴትዮዋም እፎይ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ውሃዋን ጠጥታ ፊቷ ሲመለስ፣ የሽማግሌው ጉልበትም አብሮ ዳነ።

«አሚ ሳሲ፣» አለ አስጎብኚው ዙሄር፣ «ባለፈው ሳምንት የምሽጉን ደረጃ እንደ ፍየል ሲወጡ ያየሁት ይህንኑ ጉልበት አይደለም?»

«ያ ግራው ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«እንግዲያው ከሁለቱ አንዱን ቤት አስቀምጠው ይምጡ። እንግዶቼን ሁሉ ስንፍና አስተማሩብኝ!»

ከሳቁት መካከል ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለዚህ ነው ጉዞው ሲቀጥል ከሳቸው ጎን የሄድኩት።

እኔ አንሶላ በምተኩስበት ሆቴል የእንግዶች ጉብኝት ላይ ቦታ ሲተርፍ ለሠራተኛ ይሰጣል። ታሪክ ማንበብ ስለምወድ ዕድሉ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ከዙሄር በቀር፣ ከባዕዳኑ መካከል የጄርባ ደሴት ሰዎች እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

«አሚ፣» አልኳቸው፣ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነውና፣ «ዙሄር እንደሚለው ሁልጊዜ ይመጣሉ። በገዛ አገርዎ ምን ሊያዩ ነው?»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ታሪካቸውን ጀመሩልኝ።

አሚ ሳሲ ጢማቸው ሳይበቅል ነው ወደ ቱኒስ ሄደው ሱቅ የገቡት። አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ ነበሩ። የእኛ ወንዶች ኑሮ ይኸው ነው፤ በዋና ከተማው የሰፈር ሱቅ እየጠበቁ ከባንኮኒው ሥር ይተኛሉ፣ ሚስቶቻቸው ደሴቷ ላይ ቤትና ልጅ ይጠብቃሉ። በዓመት አንድ ወር ይገናኛሉ። አሚ ሳሲና ሳልሓ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እንዲህ ነው። በመጨረሻ ሱቁን ለልጃቸው ለነቢል አስረክበው፣ «አሁንስ ከሚስቴ ጋር ልኑር» ብለው ጠቅልለው መጡ። ሳልሓ የዚያኑ ዓመት ብርድ ሳትሻገር ሞተች።

«የማውቀው የበዓሏን ሳልሓ ነው» አሉኝ። «እኔ ስመጣ ሥራዋን ሁሉ ትታ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ነበር። የአዘቦቷን ሳልሓ አላውቃትም። ጠዋት ተነሥታ ወዴት ትሄድ ነበር? ሲከፋትስ የት ትቀመጥ ነበር? ቤቱ ውስጥ ልብሷ አለ፣ ድስቷ አለ። እሷን ግን ባስስ ባስስ የለችም።»

«ታዲያ ጎረቤት አይጠይቁም?»

«አበድክ እንዴ ልጄ? ሰው የሚስቱን መውጫና መግቢያ ጎረቤት ይጠይቃል? ያውም የሞተች ሚስቱን! ‹ሳሲ ለካ ሲጠረጥራት ኖሯል› ይሉኛል። በመቃብሯ ውስጥ ስሟን ላስነሣ?»

እውነታቸውን ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከወንድ አፍ አይወጣም።

«ስለዚህ ዙሄርን እከተላለሁ። የውሃ ጉድጓድ ሲያሳይ፣ ‹ከዚህ ቀድታ ይሆን?› እላለሁ። ስለ ሸማኔዎቹ ሲያወራ፣ ‹ኩታዋን ያሠራችው እዚህ ይሆን?› እላለሁ። እሱ ስለ ሮማውያን ይናገራል፤ እኔ እሷን እፈልጋለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ነገ ነቢል ይመጣል። ቤቱን ሸጦ ወደ ቱኒስ ሊወስደኝ ነው። እሺ ብዬዋለሁ። ዛሬ ይህን መንገድ ስለማላውቀው ነው የመጣሁት። እዚህም የእሷ የሆነ ነገር ካጣሁ፣ እንግዲህ ልሂድ።»

መንገዱ ከአንዲት ትንሽ መስጊድ አደረሰን። ግማሽ አካሏ መሬት ውስጥ ነው፤ ከላይ የሚታየው እንደ ዳቦ የጎበጠ ጣሪያዋና ዝቅ ያለ ግድግዳዋ ብቻ ነው። ዙሄር ወደ ውስጥ የሚወርደውን ደረጃ አሳየን። ከረመዳን በፊት የሰፈሩ ሴቶች እንዲህ ያሉትን መስጊዶች ኖራ እንደሚቀቡ፣ ለዚህም ማንም እንደማይከፍላቸው ነገረን። የዚህችኛዋ ኖራ ግን ተላልጦ ድንጋዩ ገጥጧል። ፈረንሳዊቷ ጣቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«‹ይህቺን ምነው ረሷት?› ትላለች» አለ ዙሄር። «እኔም አላውቅ። ቆይ!» ዞር ብሎ ተጣራ። «ኻልቲ መስዑዳ!»

ከመስጊዷ ጀርባ አንዲት አሮጊት፣ ነጭ ኩታ ተከናንበው በላዩ የሰሌን ባርኔጣ ደፍተው ለበጎቻቸው ሣር ያጭዱ ነበር። «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ መባላቸውን ሲሰሙ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ኻልቲ፣ ይህቺን መስጊድ ማን ነው የረሳት?»

«አንተ ነሃ! ፈረንጅ ካልጎተትክ መች ብቅ ትላለህ?» አሉና መጡ። «አልተረሳችም። ባለቤቷ ሞታ ነው። ሳልሓ፣ የባለሱቁ የሳሲ ሚስት። ከሙሽርነቷ ጀምሮ ኖራዋን የምትቀባ እሷ ነበረች፤ ብቻዋን። እናግዝሽ ስንላት፣ ‹ይህቺን ለእኔ ተዉልኝ› ትል ነበር። ዘንድሮም እጃችን አልሄድልን አለ። የእሷ ናታ!»

አሚ ሳሲን አየኋቸው። ከሰዎቹ ኋላ ቆመዋል። ኻልቲ መስዑዳ አላወቋቸውም። በዓመት አንድ ወር የሚመጣ ባል፣ ያንንም ወር ቤቱ የሚቀመጥ፣ በምን ይታወቃል?

አሚ ሳሲ አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ። «ባሏ ያውቅ ነበር?» አሉ።

«ባሏማ የኖራው ወጪ ያንገበግበው ነበር!» ሳቁ ኻልቲ መስዑዳ። «‹ይህ ቤት ኖራ ይበላል እንዴ?› እያለ በስልክ ይጨቀጭቃት ነበር አሉ። እሷም፣ ‹አዎ፣ ጥርስ አብቅሏል› ትለዋለች። እዚህ መጥታ ስትነግረን በሳቅ እንሞታለን።»

«ለምን... ለምን አልነገረችውም?»

«አላህ ካየው ባል ምን ያደርግለታል? ደግሞ ብትነግረው ለደንበኛው ሁሉ ሊያወራው! ባለሱቅ አይደል?» ከዚያ ሳቃቸው ቀዘቀዘ። ወደ ደረጃው ተመለከቱ። «ስትጨርስ እዚያች ላይ ትቀመጥና ዳቦዋን በዘይት እያጠቀሰች ትበላለች። ነይ ከእኛ ጋር ብይ እንላታለን። ‹ከሰው ጋር መብላት አልለመድኩም፣ ይተናነቀኛል› ትለን ነበር። ምስኪን። አላህ ይማራት።»

«አሚን» አልን።

ዙሄር አሚ ሳሲን አንዴ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንግዶቹን በአቅራቢያው ወዳለው የወይራ ዘይት መጭመቂያ ዋሻ ወሰዳቸው። ኻልቲ መስዑዳም ወደ ሣራቸው ተመለሱ። አሚ ሳሲ ማንነታቸውን አልነገሯቸውም። ቀስ ብለው ሄደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም መሄድ አቃተኝና አጠገባቸው ቆምኩ። ሰው ሳያይ የተሠራ መልካም ሥራ እንደ ዘር ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ቅርብ ሆኜ ሲበቅል ግን አይቼ አላውቅም።

«ደንበኛ ቆሞ እየሰማ ነበር የምቆጣት» አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም በማይመስል ድምፅ። «ስልኩን ስዘጋ ደግሞ፣ ‹ሴቶች እንዲህ ናቸው› እያልኩ አስቃቸው ነበር።»

ወደ ግድግዳው ዞር አሉ።

«ለነቢል ቤቱ አይሸጥም እለዋለሁ። ይቆጣል። ይቆጣ።» ከግድግዳው ላይ የተላጠ የኖራ ቅርፊት አንሥተው በጣታቸው ፈረፈሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ኖራ መበጥበጥ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አሚ። እናቴ ስትቀባ አብሬያት ነው ያደግሁት።»

«እኔ ስኳር መመዘን ነው የማውቀው።» ነጣ ያለውን እጃቸውን በጉልበታቸው ጠረጉት። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሥራ በሌለህ ቀን ና፤ በጥብጥልኝ፣ የብሩሹን አያያዝም አሳየኝ። የምቀባው እኔ ነኝ፤ አንተ አትንካብኝ።» እኔን ማየቱን ትተው ወደ ወይራዎቹ እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ዳቦና ዘይት አመጣለሁ። እና... ስንጨርስ ቶሎ አትሂድብኝ። እዚህ ቁጭ በልና ከእኔ ጋር ብላ።»