ባለ ቀንዱ ዓሣና የቁርባናችን ነገር

እጮኛዬ ምጽዋ፣ መርከብ ላይ ነበር የሚሠራው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ለሠርጋችን አንኮበር ሲመጣ ጋብቻችን በቁርባን እንዲሆን ተቆርጦ ነበር፤ አባቴ ቄስ ናቸውና ሌላ ነገር አይታሰብም። የቀረው እሳቸው ዘንድ ቀርቦ መናዘዝ ብቻ ነበር።

ምናለ እስከዚያ እንኳ ዝም ቢል! ገና ምሳው ሳይነሣ «አባ፣ የከበደኝ ነገር አለ» ብሎ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሰይጣን የሚሉትን ዓሣ መብላቱን በሁላችን ፊት ተናገረ። እናቴ አማተበች። እኔማ ሠርጌ ሲፈርስ ታየኝ።

አባቴ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«መልኩ እንዴት ነው?»

«ጠፍጣፋ ነው። ትልልቅ ክንፍ አለው፤ ከፊቱም ቀንድ የመሰለ ነገር ግራና ቀኝ ወጥቷል።»

«ያመሰኳል?»

«ኧረ አባ፣ ባሕር ውስጥ ምን አግኝቶ!»

«እንቁላል ይጥላል?»

«ይወልዳል። መረብ ውስጥ ስትወልድ አይቻለሁ።»

አባቴ ጢማቸውን ያዙ። ሕጉ ከባሕር ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ብሉ ይላል፤ ይኼ ደግሞ በቀንዱ ከብት፣ በመውለዱ አውሬ ሆነባቸው። ጭንቀቴ አላስቀምጥ አለኝና ደብረ ብርሃን የተማርኩትን አወጣሁ፦ ወገኑ ከሻርክ ነው፣ አጥንቱ እንደ ጆሯችን ይተጣጠፋል፣ ከቀይ ባሕር አልፎ በህንድ ውቅያኖስም ይገኛል።

«የትም ይገኝ። ቅርፊት አለው ወይ?»

«ቆዳው ሲዳስሱት ይሻክራል» አለ እጮኛዬ።

መሻከር ቅርፊት ይሁን አይሁን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

«ለመሆኑ ማን ጠየቀህ? ለምን ነገርከኝ?» አሉት በመጨረሻ።

«ደብቄ ብቆርብ፣ ጦሱ ለልጅዎ የሚተርፍ መሰለኝ።»

እንባዬ መጣ። ያን ቀን የወደድኩትን ያህል ከዚያ በፊት አልወደድኩትም ነበር። አባቴም፣ «ዓሣውን ከየትኛው ወገን እንደምጥለው አላውቅም። ለማንኛውም ነገ ስግደት ትጀምራለህ» አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ጉሙ ከቆላው ሳይነሣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሁለቱን ከዋርካው ሥር ጎን ለጎን ሲወድቁ ሲነሡ አገኘኋቸው። አባቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እጮኛዬ ቀድሞ እየተነሣ በክንዳቸው ይደግፋቸዋል።

«አባ፣ የበላሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ይረፉ እንጂ» ይላቸዋል።

«ልጄ አይደለህ?» አሉትና እንደገና ወደቁ።