ጋሽ ፍሬን ዝም ያለበት ቅዳሜ

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ የከተማው ሾፌር ግማሹ ግን "ጋሽ ፍሬን" እያለ ነው የሚጠራው። መንዳት ሲያስተምርበት በኖረው አሮጌ መኪና ውስጥ፣ በእሱ መቀመጫ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ፍሬን ሲረግጥ ስለኖረ ቀኝ እግሩ ሳይታዘዝ መሥራት ለምዷል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይ አንዱ መኪና መታጠፊያ ላይ ከፈጠነ ምንጣፉን ይረግጣል። ሊፍት ውስጥም ይረግጣል።

አፉም ከእግሩ አይሻልም። "ማርሽ ቀንስ! ስፖኪዮ እይ! ፍሬቻው የት ሄደ?" ሲል የኖረ አፍ ከመኪና ሲወርድ ያርፋል ማለት ዘበት ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይሉ የለ!

ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ተማሪዎቹን አስከትሎ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራ ይወጣል። ከሁሉም የማትቀረው ፋርማሲስቷ ናት፤ ወደ ኋላ ስትነዳ የትምህርት ቤት አጥር ያፈረሰችው። ጋሽ ፍሬን ዳገቱ ላይ ዞር ይልና "ከፊትሽ ካለው ሰው ርቀት ጠብቂ! ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ!" ይላታል። እሷም እየሳቀች "እሺ ጋሼ" ብላ እርምጃዋን ታሳጥራለች። እግዜር ይስጣቸው፣ ቡድኑ ሁሉ ችሎታል።

ክረምት ሲገባ ተራራው ጭቃ ብቻ ይሆናል። ሌላው ሰው ያማርራል፤ እሱ ግን ደስ የሚለው ያኔ ነው። ጭቃ ሚስጥር አይጠብቅም፤ ሌሊት ያለፈው ጅብም ሆነ ጃርት ዱካውን ጥሎ ነው የሚሄደው። ዝናቡ ሲያባራ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ቆቆች ከእግር ሥር ቱር እያሉ ፋርማሲስቷን ያስጮኋታል። ሣር የሚሸምነው ወፍ ደፋ ቀና ብሎ ጎጆውን ይሠራል፤ እመቤቲቱ መጥታ ታየውና ካልጣማት ጥላው ትሄዳለች፤ ምስኪኑም አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ጋሽ ፍሬን ይህን ባየ ቁጥር ሚስቱ ትዝ ትለዋለች።

በጋው ሲጠና ደግሞ ጅረቱ ሁሉ ይደርቅና ከላይ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ አንዲት ምንጭ ብቻ ትቀራለች። ያኔ ድኩላው ይመጣል። ቡናማ ነው፤ ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፣ ኖራ የረጩበት ነው የሚመስለው። ሲጠጣ አንዱን ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው። ጋሽ ፍሬን ሁለት በጋ አይቶታል፣ ሁለቱንም ጊዜ የተመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ብታየው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው፤ ወለሉ በክር ቁርጥራጭ፣ ወንበሩ በተቆረጠ ጨርቅ የተሞላ ነው። ከተራራ በተመለሰ ቁጥር ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "ዛሬ ምን አየሁ መሰለሽ!" ብሎ ይጀምራል። መኪናው ትርርር ይላል። እሷ ቀና ሳትል "እህ" ትላለች። እንደገና ትርርር። አንድ ቀን የጃርት እሾህ አምጥቶ ሰጣት፤ ወዲያው የኮሌታ ጫፍ መገልበጫ አደረገችው። ከዚያ ተራራ ለቤቱ የሚረባ ነገር የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው ትላለች።

አብራው የማትወጣው ግን በስፌት ምክንያት አይደለም። የተጋቡ ሰሞን መንዳት ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ደህና እየሄዱ ሳለ መሀል አደባባይ ላይ "ፍሬን! ፍሬን አልኩሽ እኮ!" ብሎ ጮኸባት፤ በክርኑም ጎሸም አደረጋት። እሷ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና በእግሯ ቤቷ ገባች። ከኋላዋ መንገዱ በጡሩምባ ይናጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር በቀር ተቀምጣ አታውቅም። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው የኮንትራት ታክሲዋ ነው የሚመስለው።

ዘንድሮ በጋ መሀል ላይ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመለሰች።

"ከመርፌ ቀና እያልሽ ሩቅ ሩቁን እዪ ብሎኛል" አለችው። "ያ ተራራህ ሩቅ ያሳያል?"

ጋሽ ፍሬን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ማሳየት ብቻ! እንደውም መጀመሪያ ጫማሽን..."

"ቆይ" አለችና መቀሷን አስቀመጠች። "እወጣለሁ። ግን አታስተምረኝም። ቀስ በይ አትለኝም፣ እግርሽን እዚህ አድርጊ አትለኝም፣ ወዲህ እዪ ወዲያ እዪ አትለኝም። በክርንህም እንዳትነካኝ። አንዲት ቃል ብታስተምረኝ ከዚያችው ተመልሼ እወርዳለሁ፤ ሁለተኛም ከአንተ ጋር የትም አልሄድም።"

ጡረታው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ከስፌት መኪናው ድምፅ ሌላ ምንም በሌለበት ሳሎን ውስጥ ቀሪ ዘመኑን "እህ" እየተባለ ሊኖር ነው፣ ወይም ከዚህች ሴት ጋር ሊወጣና ሊወርድ ነው። ነገሩ ይኼው ነው፤ እሱም አውቆታል።

"ሆድ ይፍጀው" አለ።

ለቡድኑ በዚህ ሳምንት እንደማይመጣ ሲነግር ፋርማሲስቷ በሳቅ ፈረሰች። "ጋሼ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!" አለችው። ራሱ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የሚያሰጋው አፉ ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ጀመሩ። መጀመሪያው ዳገት ላይ የሚንከባለለውን ድንጋይ ሁሉ እየመረጠች ረገጠች። ጋሽ ፍሬን ከኋላዋ ጥርሱን ነክሶ፣ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በቀኝ እግሩ አየሩን እየረገጠ ተከተላት። መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል የፍየሎች መሄጃውን ይዛ ሄደች። ተሳስታለች። እሱም እንደ ተጎታች ዝም ብሎ አብሮ ተሳሳተ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ፤ እሾህ ቀሚሷን ያዘው። ቀሚሷን አላቀቀችና ዞር ብላ አየችው።

"መንገዱ ይሄ ነው?"

"ጠይቀሽኝ ነው?"

"ጠይቄህ ነው።"

"አይደለም።"

ሌላ አልጨመረም። እሷም ሳቋን አፍና ተመለሰች፤ ትክክለኛውን መንገድ ራሷ አገኘችው። ጋሽ ፍሬን ከዚያች በኋላ ትንሽ መተንፈስ ቻለ። ጭልፊት ከላያቸው ሲያንዣብብ እሷ ራሷ አየችው፤ ጦጣዎቹ ዛፍ ለዛፍ ሲዘሉም እሷ ቆማ አየች፣ "ልጅ አዝላለች አንዷ" አለች። እሱ ያችን ጦጣ ሕፃን ሆና ያውቃታል፤ ግን ውሃ በአፉ የያዘ ይመስል ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ምንጯ ጋ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶባት ስለነበር ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ክሩን መፍታት ጀመረች። በዚያው ቅጽበት ከወዲያ ማዶ ቅጠሉ ተከፈተና ድኩላው ወጣ።

ቀርቦ ቆመ። እንዲህ ቀርቦ አያውቅም። አፉን ውሃው ላይ አደረገ፣ አንዱን ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ።

የጋሽ ፍሬንን ጭንቀት ጠላትም አይየው። "ዙሪ" ቢላት ማስተማር ነው። ጎሸም ቢያደርጋት ከዚያ የባሰ ነው። ዝም ቢል፣ ሁለት በጋ ሙሉ የተመኘው ነገር ከጀርባዋ ጠጥቶ ይሄዳል። "አምላኬ፣ ቀና አድርጋት" አለ በሆዱ። እሷ ጫማዋን ድንጋዩ ላይ ታራግፋለች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፉ ግን አልተከፈተም። ድኩላው ጠጥቶ ጨረሰ፣ ቀና አለ፣ ሊዞር አንገቱን ሰበቀ።

ያኔ ቀኝ እግሩ ፍሬን ያዘ።

እግሩ ደረቁን መሬት እንደረገጠ ድኩላው በአንድ ዝላይ ቅጠሉ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ክው ብላ ዞረች።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"እንባህ ይወርዳል እኮ! እባብ ነደፈህ?"

"ድኩላው ነበር" አለ። "ከጀርባሽ። ውሃ ሲጠጣ ቆየ።"

"አሁን? እዚህ? ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ አይደለሽ ወዲህ እዪ አትበለኝ ያልሽው?"

"ብልስ!" አለች፤ ጫማዋን እንደያዘች ብድግ ብላ። "አንተ ሰውዬ፣ ለማይረባው ሁሉ ጆሮዬን ስትበላው ኖረህ፣ አንዴ የሚነገር ነገር ሲመጣ ዲዳ ትሆናለህ?"

"እምልልሻለሁ... ቃል አስገብተሽኝ..."

"ለድኩላ ብዬ መሰለህ ይሄን አቀበት የወጣሁት?" አለች። ድምጿ ዝቅ አለ። "በየቅዳሜው እየገባህ የምትለፈልፈውን፣ አንተ የምታየውን ልይ ብዬ ነው እንጂ።"

ጋሽ ፍሬን እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ደስ አለው፣ እንባውንም በእጅጌው ጠረገ።

እሷ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። "በል ንገረኝ" አለችው።

ነገራት። ከየት እንደወጣ፣ ጎኑ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ፀሐይ ሲነካቸው ምን እንደሚመስሉ፣ ጆሮዎቹን እንዴት ለየብቻ እንደሚያዞር እጁን ራሱ ላይ ተክሎ እያሳየ ነገራት። የስፌት መኪናው ትርርር የሚልበት ቦታ አልነበረም። እሷ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማዶውን እያየች አንዴም ሳታቋርጠው ሰማች።

"ሊጠጣ ሲያጎነብስ የፊት እግሮቹን ያንበረክካል ወይስ ይከፍታቸዋል?" አለች በመጨረሻ።

ጋሽ ፍሬን አሰበ። ይህን ያህል ጊዜ አይቶት እግሮቹን አላስተዋለም ነበር።

"እሱን አላየሁም" አለ።

"እንግዲያው በሚመጣው ቅዳሜ እናየዋለን" አለችና ጫማዋን አጥልቃ ማሰር ጀመረች። ክሩን አላልታ ነው ያሰረችው። እሱ አየ፤ ምንም አላለም።