ሁለት ሞተር ወደ ሐውልቱ

ቅዳሜ ዕለት ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ ስላሰብኩበት ነው። ምልክት ነበረ ወይ ብዬ ፈልጌያለሁ። አልነበረም። ወንድሜ ጠዋት አንድ መንገደኛ ወደ ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ አድርሶ ተመለሰ፣ ምሳውን ቆሞ በላ፣ ከዚያ እኔን ከኋላው አፈናጦ አሶሳ ከተማ፣ ጎሚስታው ጋ ወረድን።

በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የያዘው እሱና ሞተሩ ናቸው። እሱ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ እኔን አስራ ሁለተኛን አስጨረሰኝ። ውጤት አልመጣልኝም። በዚህ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ብቻ «ምሁሩ» እያለ ይጠራኝ ነበር።

ጎሚስታው ጋ የሄድነው ለእሁዱ መንገድ ነው። እናታችን ታላቅ ወንድም ነበራት። በሰፈራ ከወሎ ወደዚህ ሲመጡ አብሯት የመጣ፣ በኋላ ወታደር ሆኖ ከሸርቆሌ ወዲያ ባለ አንድ ተራራ ላይ በተደረገ ውጊያ የቀረ። መቃብር የለውም። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ ወታደር፣ ቤተ ክርስቲያን አግኝቷት ከተራራው አናት ላይ ለወደቁት ሐውልት እንዳለ፣ የወንድሟም ስም እንዳለበት ነገራት። መኪና አይወጣውም። የእሷ ጉልበት ደግሞ አይሆንም። ስሙን በፎቶ አምጡልኝ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችንም።

ሁለተኛውን ሞተር ያዋሰን የጋሼ ጓደኛ ነው፤ እሱም እንደ ጋሼ ሰው የሚያመላልስ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ ጋሼ ዞረ።

«ይሄን ልጅ ከምታወጣው ፍየል ብታወጣ ይሻልሃል። ፍየል ቢያንስ ዳገት ታውቃለች።»

«ፍየል ፎቶ አታነሳም» አለው ጋሼ።

ጎሚስታው ጎማዎቹን አይቶ ነፋስ ቀነሰልን፤ ለድንጋይ እንደዚያ ይሻላል አለ። ቤንዚን በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ሞላን። ማታ እናቴ በሶ በጠበጠችልን። ቅዳሜ ይህ ነው። ከዚህ ሌላ የማስታውሰው የለም።

እሁድ ገና ሲነጋ ወጣን። እስከ ሆሞሻ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ይሄዳል። ከሸርቆሌ በኋላ ግን ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ሳሩ ገባን። ኅዳር ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ ሳሩ ገና አልተቃጠለም። እኛ አገር ሳሩ የሚቃጠለው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስኪቃጠል ድረስ የገባ ሰው ከራሱ በላይ በሆነ ሳር ውስጥ ነው የሚሄደው። ጋሼ አንድ ወር እንታገሥ ብሎ ነበር። እናቴ ግን ስለ ሐውልቱ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። ስለዚህ ሄድን።

ሳሩ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና ሕጉን ነገረኝ። የእኔን ጎማ ዱካ ብቻ ተከተል። ካጣኸኝ ቁም። እኔም ካጣሁህ እቆማለሁ። ይኸው ነው።

ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ እለቅና ሞተሩ ይዘልብኛል። በሦስተኛው ተመልሶ መጥቶ መጀመሪያ ሞተሩን አነሳ፣ መስታወቱን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምሁሩ፣ ሞተሩ የሰው ነው። አንተ ብትሰበር የራሳችን ነህ።»

ከአንድ የቀርከሃ ጫካ ከወጣን በኋላ አልፎ አልፎ መሬት ላይ የተተከለ የቀርከሃ ዘንግ አየን፤ ጫፉ ላይ ሳር ተቋጥሯል። ምንድን ነው አልኩት። ለቤት ክዳን ሳር የያዘ ሰው ነው አለኝ። በእኛ መንደር እንደዚያ ነው። ጥሩ ሳር ያገኘ ሰው ዘንግ ተክሎ ይቋጥርበታል፤ ያን ያየ ሌላ ሰው አያጭደውም። እኔም አወቅሁት፤ አመንኩ። ሁለታችንም ሰፈራ መንደር ነው ያደግነው። የምናውቀው ያንን ነው።

የመጨረሻውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ፣ በእግራችን መሬቱን እየገፋን ወጣነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ደረስን።

ሐውልቱ ትንሽ ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጥ። ዙሪያው የፍየል በጠጥ ነበረ። ስሞቹ በሰማያዊ ቀለም ነው የተጻፉት፤ ፀሐይ በሚመታው በኩል ያሉት ሊጠፉ ደርሰዋል። እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ጋሼም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና አንብብልኝ አለኝ። የአጎታችንን ብቻ መስሎኝ ስፈልግ፣ አይ፣ ሁሉንም፣ ከላይ ጀምር አለ።

አነበብኩ። የማይነበበውን ስዘል ያስቆመኝና በጣቱ ፊደሉን እየተከተለ ይሞክራል። የአጎታችን ስም ከታች ሦስተኛው ላይ ነበር። የአባቱ ስም መጨረሻ ተልጧል፤ ግን እሱ ነው። ፎቶ አነሳሁት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጋሼን ድንጋዩን ተደግፎ አነሳሁት። በሶውን ጠጣን። ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ስለ ቤንዚን ይመስለኛል።

አሁን የምጽፈው ላይ ደጋግሜ ቆሜአለሁ።

ስንወርድ ዳገቱን ጨርሰን ሳሩ አፍ ላይ ስንደርስ፣ ጋሼ የሞተሩ ካቴና ላልቶበት ቆመ። ላጥብቀው አለ፤ አንተ ቀስ ብለህ ወደፊት ሂድ፣ ያ ብቻውን የቆመው ዛፍ ጋ ጠብቀኝ። ሄድኩ። ዛፉ ጋ ስደርስ ግን አልቆምኩም። ሞተሩ ለምዶልኝ ነበር። ቁልቁለት ነበር። ደስ አለኝ። ያደረግሁት ይህ ነው፤ ደስ ስላለኝ አልቆምኩም። ከዛፉ አልፌ ጠዋት የመጣንበትን ዱካ ትቼ በከብት መንገድ ወደ ግራ ታጠፍኩ። የእኛ መንገድ መስሎኝ ነበር።

ከኋላዬ ጡሩምባውን ሰማሁ። በርታ የሚለኝ መሰለኝ። ቀጥሎ ሞተሩን ከቀኝ በኩል፣ ከሳሩ ውስጥ ሰማሁት፤ አቋርጦ ፊቴ ሊወጣና ሊያስቆመኝ ነው። እየቀረበ መጣ። ከዚያ ድምፁ በአንድ ጊዜ ከፍ አለ፤ ጎማ መሬት ሲያጣ እንደሚጮኸው። ከዚያ ጠፋ።

ቆምኩ። ጋሼ አልኩ። እየጠራሁ ወደ ሳሩ ገባሁ።

ዘንጎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሳር ተቋጥሮባቸዋል። በመካከላቸው ጉድጓድ አለ። አፉ ጠባብ ነው፣ ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ። ሞተሩ ከላዩ ነበር። ስለ ቀረው አልጽፍም።

የበርታ ብሔረሰብ የሆኑ አንድ ሰውዬ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። በዚያ አካባቢ ወርቅ የሚቆፍሩ ናቸው። ገመድ አምጥተው ራሳቸው ወረዱ። ሲወጡ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በዐረብኛ ጸለዩ፤ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ዘንጉን ነቅለው አሳዩኝ።

«ይሄ እንጨት ለወርቅ ነው። ጉድጓድ አለ ማለት ነው። እኛ ሰው ሁሉ ያውቃል።» ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «እናንተ አያውቅም?» አሉኝ።

አናውቅም አልኳቸው።

ሰዎች ጠርተው ቀርከሃ ቆረጡና ቃሬዛ ሠሩ። ስድስት ሆነው እየተፈራረቁ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሙት። ወደ አሶሳ የሚመለስ የጭነት መኪና ወሰደን። ሰውዬው አብረውኝ እስከ ሆስፒታል መጡ። ከዚያ በምን እንደተመለሱ አላውቅም። አላመሰገንኳቸውም።

ሆስፒታል የጋሼ ጓደኛና የእድራችን ዳኛ ደረሱ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ መንደራችን ውስጥ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ደንቡ ይታወቃል። መርዶ በመሸ አይነገርም፤ ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ኖሮ ነው የሚነገረው። አስከሬኑ እዚያው እንዲያድር ተወሰነ። ከዚያ ዳኛው ትከሻዬን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ሁለታችሁም ካልገባችሁ እናትህ ታብዳለች። አንተ ግባ። ጎማው ፈንድቶበት ሆሞሻ አደረ በላት። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት እንመጣለን። እስከዚያ በሆድህ ያዝ ልጄ። አንድ ሌሊት ነው።»

ሸሚዜ ላይ ደም ነበር። የጋሼ ጓደኛ የራሱን አውልቆ አለበሰኝ። እሱ በካናቴራ ቀረ።

ስገባ እናቴ በር ላይ ነበረች። የተባልኩትን አልኩ። ሆሞሻ፣ ጎማ። ሸሚዝህስ አለችኝ። እሾህ ቀደደው፣ ተዋስኩ አልኳት። አመነችኝ። ዋሽቼያት ስለማላውቅ ይሆናል። ከዚያ ፎቶውን አለችኝ።

ስልኩን ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ስሙ የቱ እንደሆነ በጣቴ አሳየኋት። እሷም በጣቷ ነካችው። ስትነካው ፎቶው አለፈና ጋሼ ድንጋዩን ተደግፎ መጣ።

«ከስቷል ይሄ ልጅ» አለች።

ወደ አጎቴ መለስኩላት። ለረጅም ጊዜ ያዘችው። አላለቀሰችም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ማውራት ጀመረች። ወንድሟ ሲሞት ለእሷ የተነገራት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አራስ ነች ተባለ፣ ቀጥሎ ታማለች ተባለ፣ ቀጥሎ ማን ይንገራት ተባለ። ገበያ የሚስሟት ሴቶች ያውቁ ነበር። ክርስትና ያነሱላት ሰው ያውቁ ነበር።

«አራት ዓመት ሙሉ አገር ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ስስቅ ነበርኩ። ሞቱን እግዜር ነው ያመጣው። ሳቄን ግን ሰው ነው ያሳቀኝ። እሱን ይቅር አላልኩም።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ብላና ተኛ፣ ደክሞሃል አለችኝ። ለጋሼ የሚሆን እራት በሳህን ከደነች፤ ሌሊት ከመጣ ብላ። እኔ በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አላውቅም፤ ግን በላሁ።

ሲነጋጋ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። አስራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ወጣሁ። እናቴ ጎንበስ ብላ ግቢውን እየጠረገች ነበር፤ ከቤቱ በር ጀምራ ወደ ውጭው በር። አንድ ነገር እያለች ነበር፣ ለራሷ፣ ዜማ ያለው። በጣም ደክሞኝ ነበር። ድፍረት አልነበረም። መያዝ አቃተኝ፣ ይኸው ነው።

«እማ። ጋሼ ሆሞሻ አላደረም።»

ቀና አላለችም። መጥረጊያው ቆመ።

«የት አደረ?»

«ሆስፒታል።»

«ታሟል?»

«አይደለም።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። መቼ አለችኝ፤ ትናንት ከሰዓት አልኳት። የት አለችኝ፤ ስንመለስ አልኳት። ከዚያ፣

«ማን ነበር ፊት?»

«እኔ።»

የእኔን ፊት አላየችም፤ የጠረገችውን መሬት ነበር የምታየው። የቀረውን ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች፤ ይቆየኝ ማለቷ ነው። ከመንገዱ በኩል የብዙ ሰው እግር ይሰማ ነበር። ውሻ ጮኸ።

«እድሮቹ ናቸው?»

«አዎ።»

ተነሣች። እኔን ይዛ ነው የተነሣችው። ቀሚሷን አራገፈች።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ልጁ አልያዘም እንዳይሉህ። ሂድ ክፈትላቸው።»

ገብታ አልጋዋ ላይ ተጋደመች።

በሩን ከፈትኩ። ዳኛው ፊት ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ጎረቤቶቹ፣ የጋሼ ጓደኛም። ዳኛው በዓይናቸው ጠየቁኝ። አላወቀችም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጎበዝ አሉኝ፤ ትከሻዬን መታ አድርገው ገቡ። ሌሎቹም ገቡ።

እኔ ውጭ ቀረሁ። የዳኛው ድምፅ ዝግ ብሎ ተሰማኝ፤ ቃሉ አልተሰማኝም። ከዚያ እናቴ ጮኸች። ያንን ጩኸት ለእነሱ ብላ አልጮኸችውም።

ግቢው ግማሹ አልተጠረገም ነበር። ሰው ይመጣል። መጥረጊያውን አንስቼ እሷ ካቆመችበት ጀምሬ እስከ በሩ ጠረግሁ።