ሐዋ ብላችሁ ጥሩልኝ

ስደቱን የሚያወራ ሰው ሁሉ "በሌሊት ወጣን" ይላል። እኛ ከካርቱም የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱንማ ተኩሱ ለራሱ ወስዶት ነበር። ባለቤቴ አስካለ የሻይ ብርጭቆዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ልትይዝ ስትል "ብርጭቆ ተሸክመሽ ነው የምትሸሺው?" ብዬ ተቆጣኋት። ሠላሳ ዓመት ሻይ የሸጠችበትን ዕቃ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መንገድ ላይ አንድ ኬላ ደረስን። የታጠቁ ልጆች "ወንዶች ውረዱ!" አሉ፤ ወረድን። ሴቶቹ ያሉበትን የጭነት መኪና አሳለፉት። እኔን ሁለት ቀን አቆይተው ሲለቁኝ ድንበሩን ተሻግሬ መተማ ገባሁ፤ አስካለ የለችም። ቀድማኝ ተሻግራለች ስል እዚያው ማዶ ቀርታለች።

ይህን የምጽፈው ካርቱም አብራችሁን ለነበራችሁ፣ ዛሬ በየአገሩ ለተበተናችሁ ነው። ያለኝ የቄስ ትምህርት ፊደል ብቻ ስለሆነ የተሳሳተውን አቃንታችሁ አንብቡልኝ።

አሁን ያለሁት ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሰው "እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት" ይለኛል። የቱ አገሬ? ከማውቀው የቀረው ዳገቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ጉልበቴ አላውቅህም ብሎታል። ካርቱም ግቢ ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ ሰማይ እያየሁ የተኛሁ ሰው፣ እዚህ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ከእንጦጦ ለሚወርደው ብርድ እንቀጠቀጣለሁ። እዚያ ፉል እየበላሁ ሽሮ ያምረኝ ነበር፤ እዚህ ሽሮ እየበላሁ ፉል ያምረኛል።

ቤት ያከራየችኝ ወይዘሮ ዘነበች በመጣሁ ቀን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"አባባ፣ ከዐረብ አገር መጥተው ሻንጣዎ የታለ?"

"ለብሼዋለሁ።"

"ሰው እኮ ከዚያ ወርቅ ይዞ ነው የሚመጣው!"

"እኔ ሪህ ይዤ መጣሁ። ወርቁ በኋላ ይደርሳል።"

ያም ሆኖ አዛኝ ናት። መሪ ሰፈር አካባቢ ከስደት የተመለሰ ሰው የሚያማክር፣ የጠፋ ዘመድም የሚያፈላልግ ቢሮ እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት። ሄድኩ። ሜሮን የምትባል ልጅ "ካውንስለርዎ ነኝ" ብላ ተቀበለችኝ። ወንበሯን አስጠጋች፣ ጎንበስ አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣

"አባባ፣ ዛሬ ምን ይሰማዎታል?" አለችኝ።

"ጆሮዬን ነው? ግራው ከብዷል፤ በቀኙ ደህና ይሰማኛል።"

"አይ፣ ስሜትዎን ማለቴ ነው።"

"ባለቤቴ ጠፋችብኝ።"

"ባለቤትዎ ስለጠፉብዎት ከብዶዎታል።"

"ጠፋችብኝ አልኩሽ እኮ!"

"የሚሰማዎት ሰው ያጡ መስሎ ተሰምቶዎታል።"

በልጅነታችን እንጦጦ ገደል አፋፍ ላይ ቆመን እንጮህ ነበር። የጮህነውን ገደሉ መልሶ ይጮኸዋል። ገደሉ ግን አንገቱ ላይ ባጅ አላንጠለጠለም።

"ልጄ፣ የገደል ማሚቶ ነሽ እንዴ?" አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አደረገችና "አክቲቭ ሊስኒንግ ይባላል አባባ፤ እየሰማሁዎት መሆኔን የማሳይበት ነው" አለች።

እኛ የምናውቀው ማዳመጥ እንዲህ አይደለም። ሰው ሲያወራ "እ... ወይ ጉድ... ከዚያስ?" ይባላል። "ከዚያስ" የምትባለዋን ቃል ኮርሱ ላይ ዘለዋታል መሰለኝ።

ፎርም አወጣች። ሙሉ ስም ስትለኝ "አስካለ ደምሴ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላት። "ሻይ ስትሸጥ እዚያ ሌላ ስም አወጡላት፤ የመኖሪያ ወረቀቷንም በዚያው ስም አወጣች። እኔ በዚያ ስም አንድ ቀን ጠርቻት አላውቅም" አልኩ።

"በሌላ ስም መጠራታቸው አናዶዎት ነበር።"

"አናደኝ እንጂ! ክርስትና የተነሳችበት ስም እያላት!"

"እስቲ ስለዚያ ንዴት ይንገሩኝ።"

ነገርኳት። ስለ ንዴቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት። እሷም ጻፈች፣ ገለበጠች፣ ጻፈች። ንዴቴ ሁለት ገጽ ሞላ። ስሙን ግን አልጠየቀችኝም።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው "በየመጠለያው መዝገብ ተፈልጎ አስካለ ደምሴ የሚባል ሰው የለም" አለችኝ።

"የለችም አትበይኝ!"

"መቆጣትዎን እረዳለሁ አባባ።"

"አትረጂ! ፈልጊ!"

ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ፤ በሩን የዘጋሁት ለቢሮው ሁሉ እንዲሰማ ነው። ዘበኛው አቶ ቶሎሳ የእኔ እኩያ ነው፤ በተመላለስኩ ቁጥር ስንጫወት ተላምደናል። ቢሮው ያረፈበት መሬት የአባቱ የገብስ ማሳ ነበር። ማሳው በኦሮምኛ ስም ነበረው፤ ዛሬ ያን ስም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

"በሩ ምን አደረገህ?" አለኝ።

ነገርኩት። ራሱን አይነቀንቅም፤ መንገድ መንገዱን እያየ "እ..." ይላል።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አስካለ የምትባል በመዝገቡ የለችም አሉኝ።"

"ወረቀቷ በሌላ ስም ነው አላልክም?"

"ነው።"

"ታዲያ ማን ይሏት ነበር?"

 ሠላሳ ዓመት ያልጠራሁትን ስም፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ፣ "ሐዋ" አልኩት።

ቶሎሳ ከበርጩማው ተነሳ። "አንተ ደረቅ ሽማግሌ! ስሟን አንተ ደብቀህ እነሱ ማንን ይፈልጉልህ?"

ተመልሼ ገባሁ። ሜሮን ስሙን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ያልኩትን አልደገመችውም።  ይኸው ነው፤ እሷ ንዴቴን ስትሰማ፣ እኔ ንዴቴን ስናገር፣ ሴትዮዋ መሀል ላይ ቀረች። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

በሳምንቱ ማዶ ካለ አንድ መጠለያ ወሬ መጣ፤ መዝገቡ ላይ ሐዋ የሚል ስም አለ፣ ሥራዋ ሻይ መሸጥ። ሜሮን ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ላነሳው ሰውዬ በዐረብኛ "ሐዋን አቅርብልኝ" አልኩት። "ያ ሐዋ!" ብሎ ተጣራ። ሦስት ሴቶች "ናዓም!" አሉ፤ አቤት ማለታቸው ነው። ስልኩን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ተከልኩት። አንዷ ልጅ እግር ናት። ሁለተኛዋ ሩቅ ናት። ሦስተኛዋ ጢስ የጠገበ ጎርናና ድምፅ አላት፤ ከድምፅዋ ኋላ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ሰማሁ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ሜሮን "ምን ይሰማ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። "ምን ሰሙ አባባ?" አለችኝ።

"ብርጭቆ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩ እምቢ ብሏል። ልጅቷ በየቀኑ ትሞክራለች፤ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። እናንተ በዚያ በኩል ያላችሁ ግን፣ ሻይ የምትሸጥ ድምፀ ጎርናና ሴት ካገኛችሁ አስካለ አትበሏት፤ ወረቀቷ እንዳይበላሽባት ስለምትፈራ ዞራ አታያችሁም። ሐዋ ብላችሁ ጥሩልኝ። አቤት ካለቻችሁ "ብርጭቆሽን ያስጣለሽ ሰውዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ያለው" በሏት። ለጋሲዮንን እንዳትረሱ። ፈረንሳይ ብቻ ካላችኋት፣ ባሕር ተሻገረ ብላ ፊቷን ወደ ሌላ መንገድ ታዞራለች።