ባለወፎቹ ብርድ ልብስ

የሰፈሬ ሰው በስጦታ ያገኘውን ብርድ ልብስ ለብሶት አያውቅም። በላስቲክ ቦርሳው እንዳለ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጠውና ለሚቀጥለው ሙሽራ ወይም አራስ ያሻግረዋል። ይህን እያወቅሁ ነው የተሞኘሁት።

ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴ ስትወልድ ሜክሲኮ አደባባይ ካለ ሱቅ አንድ ለስላሳ ብርድ ልብስ ገዛሁላት። ቅርንጫፍ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ የሁለት ሰማያዊ ወፎች ፎቶ ታትሞበታል፤ ላባቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ተኮራርፈን ነበር። አማቶቿ ፊት “ያገባችው ሰውየውን ሳይሆን ሰንጋ ተራ ያለውን ኮንዶሚኒየም ነው” ያልኩት እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ወረቀት ከተትኩ። “ልጆች ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ እየሳብኩ አስበርድሽ ነበር። ዛሬም ያችው ነኝ። ይቅር በይኝ፤ ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ” ይላል። የቦርሳው ዚፕ ተበላሽቶ ስለነበር አፉን በቀይ ክር ሰፋሁት። ራሴ መውሰድ ሲገባኝ ኮራሁና በጎረቤት ላክሁት።

ነይ አላለችኝም። አንብባ ጨከነችብኝ አልኩ። ለልጇ ክርስትና በባሏ በኩል ብትጠራኝም “በራሷ አፍ ሳትጠራኝ!” ብዬ ቀረሁ።

ዘንድሮ እኔ ወለድኩ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የእናቴ ወዳጅ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብለው ገቡና ስጦታቸውን አልጋዬ ላይ አኖሩ። ሁለት ሰማያዊ ወፎች። ቀይ ክር።

“ከየት አገኙት እማማ?”

“ለልጄ ምርቃት የመጣ ነው። ይኸው እንዳማረበት አለ፤ ማን ይነካዋል!” አሉ በኩራት።

ደሜ ፈላ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ስጦታዬን ለሰው ወረወረችው? እሳቸው እንደወጡ ክሩን በመቀስ በጠስኩት። ወረቀቱ እንደከተትኩት ተቀምጧል። እህቴ አላነበበችውም። ያየችው ሰድባት ስታበቃ ብርድ ልብስ ልካ የቀረች እህት ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የረገምኳት ላልደረሳት ቃል ነበር።

የአራስነቴ ጊዜ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም። ሕፃኑን ለባሌ ሰጥቼ ወረቀቱን ይዤ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ደረጃውን ቆም እያልኩ ወጣሁና አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችው እህቴ ናት። ከቀሚሷ ጀርባ አንዲት ልጅ አጮልቃ አየችኝ፤ ዓይኗ የእናታችን ነው።

“እማ፣ ማናት?”

እህቴ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች።

“እንግዳ ናት” አለቻት። “ወንበር አምጪላት።”