ሽታ የመታው እግር

ቁስሉ ሲጀምር የምስር ፍሬ ያህል ነበር። ክረምት ላይ የላስቲክ ጫማ የአባቴን የግራ እግር ትንሿን ጣት ላጣት። አባቴ መካነ ሰላም ገበያ በግ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ ቆመው መዋል ሥራቸው ነው። እንዲህ ያለውን ቁስል ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ጭቃው ደረቀ፣ ገብሱ ታጨደ፣ ቁስሉ ግን አልደረቀም።

እኔ ከዓረብ አገር የተመለስኩት በዚህ መሐል ነው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አክስቴ በር ላይ አገዱኝ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ በእሳቸው እጅ ነው።

«ወዲያ በይ! ያን ሽቶሽን ይዘሽ እንዳትገቢበት። ቁስሉን ሽታ መትቶታል።»

እኛ ዘንድ አልድን ያለ ቁስል ሽታ መታው ይባላል። የሽቶ፣ የሳሙና፣ የዘይት ጥብስ ሽታ ያመረቅዘዋል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ አባቴ ጓዳ ገብተዋል፤ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል፣ በሩ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተንጠልጥሏል። ጠያቂ ሲመጣ ከደጅ ሆኖ «አላህ ያሽርዎ» ብሎ ይመለሳል።

«ታጥቤያለሁ እኮ አክስቴ።»

«በምን?»

«በሳሙና ነዋ።»

«ሳሙናውስ ሽታ አይደል? እዩዋት እስቲ!»

«ቁስሉ የወጣው እኔ ሳልመጣ ነው።»

«መውጣቱንማ በጫማ ወጣ። እንዳይድን የያዘው ነው እንጂ ነገሩ።»

አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ግን ከጓዳው መጋረጃ ወዲህ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ውሃ መቅዳት ሆነ። አባቴ ባዶውን ጆግ በመጋረጃው ሥር ይገፉታል፣ ሞልቼ እመልሳለሁ፣ ሲጋቱት ይሰማኛል፣ ወዲያው ደግሞ ባዶውን ይገፉታል። ሽንት ቤት ሲወጡ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ባጠገቤ ያልፋሉ። ጋቢው በየቀኑ የሚሰፋ ይመስል ነበር።

«ውሃ አበዙ» አልኳቸው አክስቴን።

«የተዘጋ ቤት ይሞቃል፣ ምን ያድርግ?»

«ከስተዋልም።»

«ቤት ውሎ የወፈረ ማን አለ?»

ለሁሉም መልስ አላቸው፤ ክፋቱ መልሳቸው ሁሉ እውነት ይመስላል። እኔ ግን ዓረብ አገር አንዲት አሮጊት አስታምሜ ነበር፤ እሳቸውም እንዲህ ይጠጡ ነበር። እግራቸው ስለማይሰማቸው፣ ቁስል እንዳለ ጠዋት ጠዋት በጣቶቻቸው መሐል የምፈልገው እኔ ነበርኩ። የምፈልገውም በአንድ እግራቸው ላይ ብቻ ነው። ሌላኛው ስቀጠር አልነበረም።

«ስኳር ይሆናል» ስል አክስቴ ሳቁብኝ።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው። በግ ነጋዴ ከየት አምጥቶ?»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው የመድኃኒት ካፕሱል ፈልቅቀው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሱት። ሲደጋግሙት ከላይ ቅርፊት ጣለ። «ደረቀ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

እኔን ያስፈራኝ ያ መድረቅ ነው።

የገበያ ቀን አክስቴ ሲወጡ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አባቴ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። እኔም የእኔን መሸፈን አማረኝ። ሽታ እንዳይገባበት በተወተፈው ጓዳ ውስጥ ሽታ ነበር፤ ከደጅ የመጣ አልነበረም።

«ውጪ ልጄ፣ ትቆጣለች።»

«ይቆጡ።»

አፍልቼ ለብ ባደረግኩት ውሃ ቅርፊቱን አራስኩት። ተነሣ። ከሥሩ ምንም የደረቀ ነገር የለም፤ ጣቷ በጎኗ ጠቁራለች። በአውራ ጣቴ ጫን አልኳት።

«ያምዎታል?»

«መቼ ነካሽኝና?»

እጄን አላነሣሁም ነበር።

ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ባለሙያው ጣታቸውን ወግቶ ደማቸውን ለካ፤ ስኳሩ መሣሪያው ከሚያነበው ልክ አልፏል፣ ቁጥር አልሰጠም።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«ቤት» አሉ አባቴ። «ሽታ እንዳይመታኝ።»

ባለሙያው አልሳቀም። መርፌ ወጋቸውና ወደ ደሴ ሪፈር ጻፈ። ለብቻዬ ጠርቶኝ «ጣቷን እርሻት፤ እግራቸው እንዲተርፍ ከፈለግሽ አሁኑኑ ሂዱ» አለኝ።

አክስቴ የደሴው ሚኒባስ ሳይነሣ ደረሱብን። ሊሰድቡኝ አፋቸውን ከፍተው እግሩን አዩት። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ደርቆ ነበር እኮ» አሉ። «ወላሂ ደርቆ ነበር።»

መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። አባቴ እግራቸውን ጭኔ ላይ ዘርግተዋል። መኪናው በነጠረ ቁጥር ፊታቸውን አያለሁ፤ እንዲያማቸው እየተመኘሁ። አላመማቸውም።

«የሚቆርጡት ጣቷን ብቻ ነው አይደል? ምን ችግር አለው፣ በግ ሻጭ ጣት አይጠየቅም» ብለው ቀለዱ።

«ጣቷን ብቻ ነው» አልኩ።

ጠዋት የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ጎልቶ ይታይ ነበር። አሁን በእጄ ብፈልገው እብጠቱ ውጦት አጣሁት።