የእትዬ ፍሊት ጉንዳኖች

የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሟን ከረሳው ቆይቷል። ቤቱን በረሮ የወረረበትም፣ ጓዳው ውስጥ ጉንዳን የሰፈረበትም «እትዬ ፍሊትን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። እሷም በስሙ አትከፋም። ተባይ ማጥፋት መተዳደሪያዋ ነው፤ ኩራቷም ነው። ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ መርጫውን በጀርባዋ አዝላ፣ ጭንብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስትሄድ ላያት ጦር ሜዳ የምትዘምት ትመስላለች። የገባችበትን ቤት ደግሞ ዝም ብላ በመድኃኒት አታጥበውም። መጀመሪያ ጉንዳኖቹን በዓይኗ ትከተላለች፤ ከስኳር ዕቃው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግቢው ጥግ። «ሠራተኞቹን ብንፈጃቸው ነገ ሌላ ትልክብናለች፤ እኔ የምፈልገው እናትየዋን ነው» ትላለች ለባለቤቱ። እናትየዋንም ታገኛታለች።

ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ትንሿ የወተት ጥርሷን እንኳ ነቅላ አልጨረሰችም፤ ከእንቅልፏ ከተነሳች እስክትተኛ ስለምትጠይቅ የቤት ስሟ ወይዘሪት ለምን ነው። ትልቋ ግን ዝምተኛ ነች። የምታስበውን አንዴ ነው የምትናገረው፤ ያቺ አንዷ ታዲያ አጥንት ሰብራ ትገባለች።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና እትዬ ፍሊት ትልቋን ይዛት ሥራ ሄደች። ልጅቷ በር ላይ ቆማ እናቷ «እናትየዋን ነው የምፈልገው» ስትል ሰማች፤ ስታገኛትም፣ ስትረጫትም አየች። ወደ ቤት ሲመለሱም ከእናቷ ራቅ ብላ ሄደች። እሁድ ሲመጣ እትዬ ፍሊት እንደ ልማዷ ማበጠሪያና ቅባት ይዛ ሹሩባ ልትሠራት ተቀመጠች።

«በዚያ እጅሽ ጸጉሬን አትንኪኝ» አለቻት ትልቋ። ሄዳም ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ጉልበት ሥር ቁጭ አለች።

እትዬ ፍሊት ለሰው ፊት ሳቀች። «ይለቃታል» አለች። አልለቀቃትም። በየእሁዱ ልጅቷ በልብስ ሰፊዋ እጅ ተሠርታ ትመጣለች፤ ማበጠሪያው ከመሳቢያው አይወጣም። የማንንም ሐሜት ከቁብ የማትቆጥረው ሴትዮ በዚህ አንጀቷ አረረ። የገዛ ልጇ እጇን ተጸይፋለች፤ ይህን ደግሞ በሳቅ ማለፍ አልቻለችም።

ነገሩን ያነሳችው ያው ወይዘሪት ለምን ነች። እራት ላይ «ጉንዳኖች ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠራሉ? ለምን አናያቸውም?» አለች።

እትዬ ፍሊት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እናያቸዋለን። እዚሁ ቤት እንሠራላቸዋለን፤ በመስታወት ይኖራሉ።»

ትልቋ ቀና አለች። «በሕይወት? አንቺ?»

«እኔ ነኛ! ከእኔ በላይ ጉንዳን የሚያውቅ ካለ ይምጣ።»

በማግስቱ ከሁለት አሮጌ የፎቶ ፍሬሞች መስታወቶቹን አወጣች። በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት አስገብታ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብቻ ክፍተት ትታ አጣበቀቻቸው። «ከዚህ ከሰፋ መሃል ለመሃል ቆፍረው ይደበቁናል» አለች። አፈር ሞልታበት ላዩን በአሮጌ ስቶኪንግ ሸፈነችው። እንዳያመልጡ ውሃ የተሞላ ሳፋ መሃል አቆመችው፤ ጨለማ ስለሚወዱም ጥቁር ጨርቅ አለበሰችው። ከግቢው አጥር ሥር ቆፍራ እናትየዋን ከነልጆቿ በቀለም ብሩሽ አንስታ ስታስገባ ትንሿ አጨበጨበች፤ ትልቋም አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። እትዬ ፍሊት ደረቷ ተነፋ። «አፈሩ እንዳይደርቅባቸው» ብላ ከሥራ ዕቃዋ መሃል ትንሿን መርጫ አመጣች። በሳሙና ደጋግማ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልታ ሰጠቻቸው። ልጆቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ረጩ።

ጠዋት ጨርቁ ሲገለጥ ጉንዳኖቹ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን ሰብስበው ነበር። እናትየዋም አብራቸው።

«ለምን አልተነሱም?» አለች ትንሿ።

እትዬ ፍሊት ያንን አሟሟት በየቀኑ ታየዋለች፤ ልትስተው አትችልም። ብርድ ነው ብትል ልጆቹ ያምኗታል። ልትለውም አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ የትልቋን ዓይን አየችና ውሸቱን ተወችው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው። መርጫው ነው። ፕላስቲክ አንዴ መድኃኒት ከጠጣ ቢያጥቡት አይለቅም። ደንበኞቼን ሁሉ በዚህ እያስጠነቀቅሁ እኔው ራሴ ሠራሁት።»

ትልቋ አላለቀሰችም። «አውቄ ነበር» አለችና ጨርቁን መልሳ አለበሰችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚያው ይቀብረው ነበር። እትዬ ፍሊት ግን እጅ መስጠት አታውቅም። ጥሩ ዝናብ ዘንቦ ባበራ በአንዱ ከሰዓት በኋላ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ግቢው ላይ ሲርመሰመሱ አይታ ልጆቿን ጠራች። «አዳዲስ እናቶች እየወረዱ ነው። ክንፏን ጥላ መሬት መሬት የምትሄደውን ትልቋን ጉንዳን ፈልጉ። እኔ አልነካም፤ እጄ ይኸው ከኋላዬ ነው። አፌ ብቻ ይሠራል፤ እሱ መርዝ የለበትም።»

«እሱን እንኳ ጎረቤት ይጠየቅ» አለች ትልቋ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

እናትየዋን ያገኘቻትም ያነሳቻትም ትልቋ ናት። እትዬ ፍሊት ከሩቅ ሆና በቃል እየመራች፣ ልጆቹ አዲስ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ውሃ አድርገው በጥጥ ወተፉት፤ እናትየዋን ከጥጡ ወዲህ አስገብተው አፉን በሌላ ጥጥ ዘጉና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጧት።

«ምን እናብላት?» አለች ትንሿ።

«ምንም። ከእንግዲህ ስለማትበር የክንፏን ጡንቻ እያቀለጠች ልጆቿን ታሳድግበታለች።»

«ራሷን እየበላች?» አለች ትልቋ።

«እናት አይደለች! ምን ታድርግ!» አለች እትዬ ፍሊት፤ ለቀልድ የጀመረችው ነገር መጨረሻው ላይ ድምፅዋን አሻከረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱታዋ ግቢ ካለው መጋዘን አልፎ ቤት አልገባም። ከሥራ ስትመለስ ውጭ ቧንቧው ጋ ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ነው የምትገባው። ወደ ቁም ሣጥኑ ግን አትጠጋም። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እንደ አራስ ጠያቂ «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ትላለች። ልጆቹ ያዩትን ይነግሯታል፤ እሷ ትፈታላቸዋለች። ነጫጭ ነጥቦች ሲሏት «እንቁላል ነው፣ በሉ አታነቃንቋት»፤ ሩዝ የሚመስል ነገር ሲሏት «ደረሱ!» አንድ ጠዋት ትልቋ በሌሊት ልብሷ እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ ትንንሽ ልጆች! እየተራመዱ ነው!»

እትዬ ፍሊት በሩ ላይ እንደቆመች ዘለለች፤ ትንሿም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ ዘለለች። ጉንዳኖቹን በአዲስ መስታወትና በአዲስ አፈር ወደ ሠሩት ቤት ያዛወሯቸውም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ እሷ ያው ከበሩ እያዘዘች።

የመጀመሪያው መንገድ ተቆፍሮ ታች በደረሰበት እሁድ ትልቋ ሳሙናና ጆግ ይዛ ወጣች።

«እጅሽን አምጪ።»

እስከ ክርን አጠበቻት። ጥፍሯን ሥር በሥሩ ፈገፈገች፤ ልክ እናቷ እሷን በሕፃንነቷ ታጥባት እንደነበረው። «ነገ ሥራ አለሽ?» አለቻት ውሃውን እያፈሰሰች።

«አለኝ። ዳቦ ቤቱን በረሮ ወሮታል።»

ትልቋ ጆጉን አስቀመጠች። «በረሮ ከሆነ ይሁን» አለች።

ከዚያ እጇን ይዛ ወደ መስታወቱ ወሰደቻት። አንዷን ጉንዳን በብሩሽ አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። እትዬ ፍሊት በሕይወቷ ሙሉ እጇ ላይ የወጣች ጉንዳን ሁለተኛ እርምጃ አግኝታ አታውቅም። ይቺኛዋ በአውራ ጣቷ ዙሪያ ዞረች፣ ቆመች፣ አሸተተች፤ ከዚያ ቆነጠጠቻት። እጇ ግን አልተነቃነቀም።

«ነከሰችኝ።»

«አውቃሽ ይሆናል» አለች ትልቋ።

«ለምን አልመታሻትም?» አለች ትንሿ።

የእትዬ ፍሊት ዓይን ውሃ ሞልቶ ነበር። ትልቋ ጉንዳኗን ወደ እህቶቿ መለሰቻት፤ የእናቷን መዳፍ አፍንጫዋ ድረስ አምጥታ አሸተተችው። ሳሙና ነው። መሳቢያውን ከፍታ ማበጠሪያውን አወጣችና ጀርባዋን ሰጥታ እናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች።

«በደንብ አጥብቂው» አለች፤ «የልብስ ሰፊዋ ቶሎ ይፈታል።»

«ድሮስ!» አለች እትዬ ፍሊት፤ ጸጉሯንም ከመሃል ከፈለችው።